ዲኑ ወለደ

ነገሩ የተጀመረው በወሬ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከቁርስ መልስ የሕንፃችን ልጅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣና «ስሙ እንጂ! ዲኑ ወለደ!» አለን። ሳቅን። ዲኑ ማለት በመኝታ ክፍሎቻችን መካከል እንዳሻው የሚመላለስ፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያሉትን ድመቶች ሁሉ እየደበደበ የሚያስተዳድር፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ድመት ነው። ማለቴ... ነበር። ወይም ነበረች። እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ወርደን አየን። ከደረጃው ሥር የድሮ ወረቀት በተከማቸበት ካርቶን ውስጥ ዲኑ በጎኑ ተጋድሞ፣ ዓይናቸው ገና ያልተከፈተ አራት ልጆች ጡቱን ይጠባሉ። «ጡቱን» ማለቴን ልብ በሉ። በዚያች ጠዋት ካርቶኑን ከብበን ከቆምነው ተማሪዎች መካከል «ጡቷን» ለማለት አፉ የታዘዘለት አንድም አልነበረም። ዓይናችን እያየ ምላሳችን ይክድ ነበር።

ስንት ከባድ ጥያቄ ሞልቶ ሳለ ስለ ድመት ጾታ ወረቀት ማባከን ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይታገሠኝ። ትልቁ ስህተታችን የሚኖርበትን ቤት አንዳንዴ በሩን የሚያሳየን ትንሹ ስህተት ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ የሰውን ድመት ወይም ውሻ ጾታ መሳሳት በደል ነውን? በደል ከሆነስ የተበደለው ማን ነው? እንስሳው? ባለቤቱ? ወይስ ሌላ ሦስተኛ ወገን አለ?

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንክሰስ፤ ተከሳሽ ሲታጣ ቋንቋን መክሰስ የእኛ የተማሪዎች ልማድ ነውና። አማርኛ ጾታ ሳንቆርጥ ስለ አንድ ድመት አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ እንድንናገር አይፈቅድልንም። መጣ ወይስ መጣች? ይህ ወይስ ይህች? ድመቱ ወይስ ድመቷ? ስለ ሰው ስንናገር «እሳቸው» ወይም «እርስዎ» ብለን በአክብሮት ጥላ ሥር ማምለጥ እንችላለን። ስለ ብዙዎች ስንናገር «እነሱ» ብለን እንሸሻለን። ለአንዲት ድመት ግን መሸሻ የለም። ድመትን «አንቱ» የሚል ሰው ካለ ያምጡልንና እንየው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲቸግረው «ኢት» ብሎ እንስሳውን ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ይመድበዋል፤ ያም የራሱ ስድብ አለው። አማርኛ ግን «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ!» ይላል። አይተን ካልመረጥን ደግሞ ልማድ ይመርጥልናል።

ልማዱ ምን እንደሆነ ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንን ጠይቁ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንላለን። ማን አይቶ፣ ማን መርምሮ? ድመት ስለሆነች ብቻ ሴት ናት። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች»፤ አይጧም ሴት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል»፤ ውሻው ወንድ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»፤ ጅቡም ወንድ፣ ያውም በተረት ውስጥ «አያ» የሚል ማዕረግ ያለው። አያ አንበሶና አያ ጅቦ ይፎክራሉ፤ እመት ጦጢት በብልሃት ታመልጣለች። ትንሹ፣ ተንኮል የሚያውቀው፣ ቤት የሚውለው ሴት ነው። ትልቁ፣ የሚጮኸው፣ ደጅ የሚቆመው ወንድ ነው። ሰዋስዋችን የሥራ ክፍፍላችንን ቁጭ ብሎ የቀዳ ይመስላል።

እሺ፣ ቋንቋው እንዲህ ከሆነ ዲኑም ድመት ነውና «ሴት» መባል ነበረበት። ታዲያ ለምን ወንድ ሆነ?

ይህን ጥያቄ ለራሴ ካቀረብኩ በኋላ ነው ነገርዬው ያሳፈረኝ። አንደኛ ዓመት ሆነን ስንመጣ «ያቺ ድመት» ነበር የምትባለው። ከምግብ ቤቱ በር ላይ እየተገፋች፣ የተጣለ ቅንጥብጣቢ እየለቀመች የምትኖር አንዲት ድመት። አንድ ቀን ማታ ግን የግቢውን ትልቁን ጥቁር ድመት እያባረረች እስከ ላይብረሪው አጥር ድረስ ስትወስደው ብዙ ሰው አየ። በማግስቱ «ወንድ ነው እኮ!» ተባለ። በሳምንቱ «ዲኑ» የሚል ስም ወጣለት። ጅራቱን ቀና አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። በእኛ አገባብ ወንድነት የምርመራ ውጤት አልነበረም፤ የማዕረግ ዕድገት ነበር። ድመቷ ደካማ ሳለች በልማድ ሴት ነበረች፤ ኃይለኛ ስትሆን በሹመት ወንድ ሆነች።

ከሁሉ የሚገርመው ማስረጃው ጀርባዋ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ዲኑ ዝንጉርጉር ነው፤ ጥቁር፣ ነጭና ብርቱካንማ ቀለም በጀርባው ላይ እንደ ካርታ ተከፋፍለው ይታያሉ። ባዮሎጂ የሚያጠና አንድ ጓደኛዬ ካርቶኑ አጠገብ ቆሞ ግንባሩን መታና «እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ ነው? ባለ ሦስት ቀለም ድመት እኮ ሴት ናት!» አለ። ጉዳዩን እንዲህ አስረዳን። የድመት ፀጉር ብርቱካንማ ይሁን ወይስ ጥቁር የሚለውን የሚወስነው ባሕርይ የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንዱ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ ብርቱካንማ ነው፣ ወይ አይደለም። ሴቷ ግን ሁለት ኤክስ ስላላት በአንዱ ጥቁሩን፣ በሌላው ብርቱካንማውን ልትይዝ ትችላለች። ሽል ሳለች እያንዳንዱ የአካሏ ሕዋስ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱን ይዘጋዋል፤ የትኛው እንደሚዘጋ በዕጣ ነው። ስለዚህ አንዱ ቦታ ጥቁር፣ አንዱ ቦታ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ከሌላ በኩል የሚመጣ ነው። ይህን የመዘጋት ነገር እንግሊዛዊቷ ሳይንቲስት ሜሪ ላየን እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አይጦች ስትጽፍ ነበር ያቀረበችው። የብርቱካንማው ቀለም ምንጭ የሆነው የጂን ጉድለት በትክክል የትኛው እንደሆነ ግን የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ባለ ሦስት ቀለም ወንድ ድመት አልፎ አልፎ ይወለዳል፤ ከ3000 አንድ ገደማ ነው ይባላል፤ እሱም አንድ ትርፍ ኤክስ ይዞ ስለሚወለድ አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ በፊታችን ተመላለሰች። አንዳንዶቻችን ስለ ክሮሞሶም ፈተና ተፈትነን ጥሩ ውጤት አምጥተናል። ፈተናው ግን በወረቀት ስለመጣ ነው የመለስነው፤ በአራት እግሩ ሲመጣ አላወቅነውም።

ለመሳሳታችን ግን ብዙ ጓደኛ አለን። አያ ጅቦን ውሰዱ። ነጠብጣባሙን ጅብ ሰው ለረጅም ዘመን ሲሳሳትበት ኖሯል፤ ምክንያቱም የሴቷ ብልት ከውጭ ሲያዩት የወንዱን ይመስላል። ጅብ ወንድም ሴትም ነው፣ በየጊዜው ይለዋወጣል የሚል ወሬ በጥንቱ ዓለም ነበረ። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ወሬው ሐሰት መሆኑን ጽፏል፤ እሱ የገለጸው ባለ መስመሩን ጅብ ሳይሆን አይቀርም እንጂ። የዛሬ ሳይንስ ስለ ነጠብጣባሙ የሚነግረን ይበልጥ የሚገርም ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውን የምትመራውም ሴት ናት፤ ከሌላ መንጋ የመጣው ወንድ ከሁሉም በታች ነው። በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ማታ ማታ ጅቦቹን በስም እየጠሩ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። እንግዳው ከዳር ቆሞ፣ ሌሎቹን ገፍታ መጀመሪያ ሥጋውን የምትቀማዋን አይቶ «አቤት ወንድ!» ቢል አይፈረድበትም። የተሳሳተው ግን አያ ጅቦ ሴት መሆኗን ባለማወቁ ብቻ አይደለም። ጉልበት ባየበት ሁሉ ወንድ ማየቱ ነው ስህተቱ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ተበዳዩ ማን ነው?

እንስሳው ነው የሚለው መልስ በመጀመሪያ ሲያዩት አይቆምም። ውሻ «አንቺ» ቢሉት አይቀየምም። ድመት ስለ ቅጥያ ደንታ የላትም። በዚህ ጉዳይ እንስሳት ከእኛ ይልቅ ፈላስፎች ናቸው።

ባለቤቱስ? ባለቤት እንደሚቀየም እርግጥ ነው። አንድ ነገር ግን ታዘቡልኝ። ሴት ውሻ ይዞ የሚሄድን ሰው «ወንድም፣ ውሻህ ያምራል፤ ስንት ዓመቱ ነው?» በሉት። «ሦስት ዓመቷ ነው» ብሎ ፈገግ ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አያርምም። ወንድ ውሻ ይዞ የሚሄደውን ደግሞ «ታምራለች፤ ስንት ዓመቷ ነው?» በሉት። «ወንድ ነው!» ይላል፤ ቃለ አጋኖዋን እኔ አልጨመርኳትም፣ እሱ ራሱ ነው በድምፁ የሚጨምራት። ደረቱን የነፉበትን ያህል የሚኮራበት ውሻ በአንዲት «ች» ከማዕረጉ የወረደ ይመስለዋል። ስህተቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሕመሙ ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ? ውሻው የሕመሙ ምክንያት ቢሆን ኖሮ በሁለቱም በኩል እኩል ባመመ ነበር። ስለዚህ የሚያመው ውሻው ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደፋር ሴት ስናይ ለማመስገን «ወንድ ናት!» እንላለን። ፈሪ ወንድ ስናይ ለመስደብ «አንቺ» እንለዋለን። እናት ልጇን በፍቅር «አንቺ» ብትለው ሌላ ነገር ነው፤ በእሷ አፍ ውስጥ ማቆላመጫ ነው። ያው ቃል በጎረምሳ አፍ ውስጥ ግን ስድብ ነው። አንዱን ጾታ መዳሊያ፣ ሌላውን ጾታ ቅጣት አድርገን ስንጠቀም ኖረን ውሻው መጣና መሐል ገባ። ሦስተኛው ተበዳይ ያልኩት እንግዲህ ይኸው ነው፤ በአጠገባችን ቆማ ይህን ሁሉ የምትሰማው ሴት።

በዚያች ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ልጨርስላችሁ። መገረማችን ካለፈ በኋላ አንዱ «ለዚህ ነዋ እንደዚያ የምትነጫነጨው!» አለ። ሌላው «እኔማ ድሮም ነገረኛ መሆኗን አይቼ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ልብ በሉ፣ ትናንት «ኮስታራ» የተባለው ፊት ዛሬ «ነጭናጫ» ተባለ። ትናንት «ግዛቱን ያስከብራል» የተባለለት ጠብ ዛሬ «ነገረኛነት» ሆነ። ከኋላችን ቆማ የነበረች አንዲት የክፍላችን ልጅ ይህን ሰምታ «ድመቷማ ያችው ናት። የተለወጠው የእናንተ ቅጽል ነው» አለችን። መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም።

ቀደም ሲል እንስሳው አልተበደለም ያልኩትን ግን እዚህ ላይ ማረም ይገባኛል። ቃሉ ድመቷን አልነካትም፤ ከቃሉ የተነሣ ያደረግነው ግን ነክቷታል። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ሆዱ ሲገፋ አይተን «ዲኑ በጀት በላ!» እያልን ስንስቅ ከረምን። ከወትሮው ይልቅ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ፣ እግራችን ላይ ሲታከክና ሲጮህ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ አድነህ ብላ!» ብለን ገፋነው። እኔ ራሴ አንድ ማታ በጫማዬ ጫፍ ገፍቼዋለሁ። ለአራት ልጆች ምግብ የምትለምን እናት ነበረች። ባየናት ኖሮ ከእንጀራችን ቆርሰን መጣል አያቅተንም ነበር። እንወዳት ነበር እኮ! ነገር ግን የወደድናት ሳናያት ነው።

ይህን ስጽፍ ከልጅነቴ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዲኑ አስታወሰችኝ እንጂ ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው።

በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ ነበሩ። ሌባ አጥራቸውን ዘሎ ዶሮዎቻቸውን ከወሰደባቸው በኋላ «ልጄ፣ አንድ ወንድ ቡችላ ፈልግልኝ፤ ሴት እንዳታመጣብኝ» ብለው ላኩኝ። ከታችኛው ሰፈር አንዲት ውሻ ወልዳ ስለነበር ሄጄ ከቡችሎቹ ሁሉ ወፍራሙንና ጯሂውን መርጬ አመጣሁ። «ወንድ ነው?» አሉኝ። «ማርያምን፣ ወንድ ነው!» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ አላየሁምም። ወፍራምና ጯሂ ስለነበር ወንድ መሰለኝ፤ መሰለኝን ደግሞ በማርያም ማልኩበት። እማማ አሥር ሳንቲም ሰጡኝና ቡችላውን «አንበሶ» አሉት።

አንበሶ አደገ። በቀን እግራቸው ሥር ይተኛል፤ በሌሊት በሩን ይጠብቃል። «ና አንበሶ!» ሲሉት ከየትም ሮጦ ይመጣል። ዓመት ሊሞላው ሲል አንድ ሰሞን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እማማ በር ላይ ተሰብስቦ ሲያላዝን አደረ። ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው እየሳቁ «እማማ፣ አንበሶዎ እኮ ሴት ናት!» አሉ።

እማማ ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማዳበሪያ ሰጡኝና «እንግዲህ ያመጣሃት አንተ ነህ፤ ከወንዙ ማዶ አድርሰህ ና» አሉኝ።

ከዚህ ላይ የእማማን ምክንያት ማናናቅ አልፈልግም። ከተማሪ ቤት ተቀምጦ ምስኪን አሮጊት ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ሴት ውሻ በየጊዜው ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ አምስትና ስድስት ቡችላ ማለት ነው። ለራሳቸው በቀን አንዴ የሚበሉ ሰው ያንን ሁሉ አፍ በምን ይችሉታል? እንስሳን የሚያመክን ሐኪም ዛሬ በከተማ ይገኛል፤ ያኔ በሰፈራችን የሰማ ሰው አልነበረም። በየሜዳው በካርቶንና በማዳበሪያ ተጥለው የምናያቸው ቡችሎች ሴቶች የሚበዙበት ምክንያት ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ድህነትም ነው። ጾታ የቃል ጨዋታ አይደለም፤ እውነተኛ ነገር ነው፣ እውነተኛ ሸክምም አለው። ሆኖም አንድ ነገር እንደ እሾህ ይወጋኛል። ያቺ ውሻ ጋሼ ከመናገራቸው በፊት በነበረው ማታና በማግስቱ ጠዋት መካከል ምኗ ተለወጠ? ጥበቃዋ? ታማኝነቷ? ምንም። እሷ የሠራችው ጥፋት የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላይ ማልኩ። ቅጣቱን ግን የምትቀበለው እሷ ሆነች።

ማዳበሪያውን ተሸክሜ ወንዙን ተሻገርኩ። አፉን ስፈታው ዘላ ወጣች፤ ጨዋታ መስሏት እጄን ላሰችኝ። ድንጋይ አንሥቼ ዛትኩባት፤ ጥቂት ርቃ ቆመች። ፊቴን አዙሬ ሮጥኩ። በመንገድ እያለቀስኩ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው ሰፈር የደረስኩት። ስደርስ እማማ በራቸው ላይ ቆመዋል። አንበሶም በሩ ላይ ናት፤ በሌላ መንገድ ቀድማኝ ደርሳለች። ወደ ውስጥ አትገባም፤ ጅራቷን ቀብራ ታያቸዋለች። እሳቸውም ያይዋታል።

መጨረሻውን ከመናገሬ በፊት ለክርክሩ የሚያስፈልገኝ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። «እንግዲያስ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ ጅራት እያነሣ ይመልከት፤ ስህተት ካልኖረ በደል የለም» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁና። ላሳያችሁ። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአንድ ቀን ጫጩትን ከኋላዋ አይቶ ሴት ወይስ ወንድ የሚለውን የመለየት ጥበብ ዳበረና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ዓመታት የሚፈጅ ልምምድ ይጠይቃል፤ የሠለጠነ ሰው በሰዓት እስከ 1000 ጫጩት ይለያል፤ የሚሳሳተውም ከመቶ በጣም ጥቂቱን ነው። ለምን ይለያል? እንቁላል ለሚያመርተው ድርጅት ወንዱ ጫጩት እንቁላል አይጥልም፣ ለሥጋም አያዋጣም። ስለዚህ በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። በዓለም በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ወንድ ጫጩቶች በዚህ መንገድ ያልቃሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ይህን በሕግ ከልክላለች፤ በብዙ አገር ግን ዛሬም ይሠራበታል።

ይህ ዓይን አይሳሳትም። ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ያያል። አይቶ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ወንድነት መዳሊያ መሆኑ ቀርቶ የሞት ፍርድ ሆነ። ስለዚህ ነገሩ ከየትኛው ጾታ መወለድ ይሻላል የሚለው አይደለም። ፍርዱ እንደ ፈራጁ ጥቅም ይገለባበጣል፤ ለእማማ በር ወንድ ይፈለጋል፣ ለእንቁላል ነጋዴ ሴት ትፈለጋለች።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። በአንድ በኩል እኛ አለን፤ ዲኑን እየወደድን አላየናትም፤ ነፍሰ ጡር ሆና በጫማ ገፋናት። በሌላ በኩል የጫጩቱ ፋብሪካ አለ፤ በደንብ ያያል፣ አይወድም። ፍቅር ካለማየት ጋር፣ ማየትም ካለፍቅር ጋር፤ ሁለቱም እንስሳውን ጎድተውታል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት የሰውን ውሻ ወይም ድመት ጾታ መሳሳት በራሱ በደል አይደለም፤ ማንም ይሳሳታል፣ አሪስቶትልም ስለዚህ መጻፍ አስፈልጎታል። በደሉ ከእርማቱ በኋላ ነው የሚጀምረው። «ሴት ናት» ወይም «ወንድ ነው» ተብለን ስንታረም ምኑን ነው የምንለውጠው? ለእንስሳው የሚያስፈልገውን ለመስጠት ከለወጥን፣ ነፍሰ ጡሯን ካበላን፣ ማምከን የሚያስፈልጋትን ሐኪም ጋ ከወሰድን፣ እርማቱ ጠቀመ። ፍቅራችንንና አክብሮታችንን ለመቀነስ ከተጠቀምንበት ግን ድሮም የወደድነው እንስሳውን አልነበረም። ቅጥያውን ነበር የወደድነው።

ስለ እንስሳ የተናገርኩት ስለ ሰውም እንዲነበብ እፈልጋለሁ ወይ? አዎን፣ እፈልጋለሁ። በክፍል ውስጥ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀን ሰው ማንነት ሳናውቅ አድንቀን፣ ዞር ብለን ስናይ ሴት ሆና ስናገኛት አድናቆታችን በስንት እንደሚቀንስ ሁላችንም በየልባችን እንመዝነው። ለዚህ ሚዛን የሚያስፈልገው ሳይንስ ሳይሆን ሐቀኝነት ነው።

ዲኑ ዛሬም ከደረጃው ሥር ናት። ከምግብ ቤቱ ሠራተኞች አንዱ «ግቢው በድመት ሊሞላ ነው» ብሎ ካርቶኑን ሊያወጣ መጥቶ ነበር፤ ያቺ የክፍላችን ልጅና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ቆመው ለመኑትና ተወው። ስሟን «ዲኒት» እንበላት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። ዲኑ ስትባል ቀና የምትለው ድመት ሌላ ስም ቢያወጡላት የምታተርፈው የለም። ከእራታችን የተረፈውን በየተራ እንወስድላታለን። የእኔ ተራ ሐሙስ ነው።

እማማ በዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ቆመው ነበር። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ባዶውን ማዳበሪያ ይዣለሁ። በመጨረሻ በሩን በእጃቸው ገፋ አደረጉና «ነይ» አሏት። አንበሶ አልተንቀሳቀሰችም። «ነይ እንጂ!» አሏት፤ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች እንጂ ከቆመችበት አልተነሣችም። ያን ቃል ማንም ብሏት አያውቅም። እማማ ጥቂት አሰቡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ና አንበሶ» አሉ።

ሮጣ ገባች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እሷ አርጅታ እስክትሞት ድረስ፣ እማማ «ና» እያሉ ነበር የሚጠሯት። እንግዳ ሰምቶ «ወንድ ነው እንዴ?» ሲላቸው «ሴት ናት» ይላሉ። «ታዲያ ለምን ‹ና› ይሏታል?» ሲላቸው ደግሞ «በእሱ ነዋ የለመደችው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።